ጣፋጭ የቱቤሮዝ ሽቶ በቆዳ ላይ ምን ይመስላል? ምን ያህልስ ይቆያል?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ቱቤሮዝ የተባለችውን ነጭ አበባ ጣፋጭ መዓዛ የያዘ ሽቶ ለመግዛት ካሰብኩ ሰንብቻለሁ፤ የካሮሊና ሄሬራ «ጉድ ገርል» በወረቀት ላይ ተረጭቶ ሳሸተው በጣም ደስ ብሎኛል። ይሁን እንጂ ያሸተትኩት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ፣ በቆዳ ላይ ሲውል አበባው እስከ መጨረሻው ይሰማ እንደሆነ ወይም በጣፋጩ ተውጦ ይቀር እንደሆነ፣ እንዲሁም በዝግ ክፍል አብረውኝ የሚሠሩትን ሰዎች ያውክ እንደሆነ ማወቅ አልቻልኩም። ነጭ አበባ የሚበዛበት ሽቶ ከዚህ በፊት ተጠቅሜ አላውቅም። ለረጅም ጊዜ የተጠቀማችሁበት ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

የመጀመሪያው ምላሽ

ይህ ሽቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ከወጣ በኋላ ሁለት ጠርሙስ ጨርሻለሁና በራሴ ቆዳ ላይ ያየሁትን ልንገርዎት። እንደተረጨ ቀድመው የሚመጡት አልሞንድና ቡና ናቸው፤ ቡናው ግን ራሱን ችሎ የሚሰማ ሳይሆን ከጣፋጩ ሥር ጥቂት ምሬት እየጨመረ መዓዛው እንዳይሰለች የሚያደርግ ነው። ከሩብ ሰዓት ገደማ በኋላ ቱቤሮዙ ከጃስሚን ጋር ይወጣል። ለእኔ የሽቶው ምርጥ ጊዜ ይህ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት የሚዘልቀው ክፍል ነው፤ አበባው ወፍራም፣ ለስላሳና ወደ ክሬም የሚጠጋ ሆኖ ይሰማል። ከዚያ ቶንካ (ቫኒላ የሚመስል ጣፋጭ ሽታ ያለው ፍሬ)፣ ኮኮዋና ቫኒላ እየበረቱ ሲመጡ አበባው ፈጽሞ ባይጠፋም ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤ በሰባተኛው ሰዓት ላይ በቆዳዬ የሚቀረው ሞቅ ያለ ጣፋጭነት ብቻ ነው። በልብስ ላይ ግን እስከ ማግስቱ ይቆያል።

እንግዲህ የሚፈልጉት አበባውን ራሱን ከሆነ ቅር ሊሰኙ ይችላሉ። የሚፈልጉት ጣፋጭ ሆኖ አበባ ያለበት መዓዛ ከሆነ ግን፣ በእኔ ግምት ከዚህ የተሻለ መነሻ ማግኘት ይከብዳል።

ሁለተኛው ምላሽ

ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው፤ እኔ ስለ አበባዋ ጥቂት ልጨምር፣ ምክንያቱም ሰዎች ቱቤሮዝን ሳያውቋት ሲገዙ ብዙ ጊዜ ግራ ሲጋቡ አይቻለሁ። ስሟ የጽጌረዳ ዘመድ ቢያስመስላትም አይደለችም፤ ስያሜው የመጣው ከሥሯ እብጠት ነው። መገኛዋ ሜክሲኮ ሲሆን መዓዛዋ የሚበረታው ሲመሽ ነው። ከተቀጠፈች በኋላም ሽታዋን መስጠቷን ስለማታቋርጥ፣ ሽቶ ሠሪዎች በቀድሞው ዘመን አበባዎቹን በቀዝቃዛ ስብ ላይ እየደረደሩ መዓዛቸውን ስቡ እንዲመጠው ያደርጉ ነበር።

በተፈጥሮዋ ጣፋጭ ብቻ አይደለችም። ሜቲል ሳሊሲሌት የሚባለው ውሑድ የጡንቻ ማሻሻ ቅባት የሚያስታውስ ቀዝቃዛ ሽታ ይሰጣታል፤ ኢንዶል የተባለ ሌላ ውሑድ ደግሞ ከባድና ሥጋዊ ጠረን ያክልባታል። እ.ኤ.አ. በ1948 ሽቶ ሠሪዋ ዠርሜን ሴሊዬ ለሮበርት ፒጌ ቤት የሠራችው «ፍራካ» የተባለው ሽቶ ይህችን አበባ በሙሉ ግርማዋ ያሳያል፤ ለጀማሪ አፍንጫ ግን ሊከብድ ይችላል። ጠያቂያችን ያነሡት ሽቶ ይህን ቀዝቃዛና ከባድ ጎን በቶንካና በኮኮዋ ሸፍኖ ያቀርባል፤ ብዙዎች የሚወዱትም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል፣ እኔን ግን በተወሰነ ደረጃ ያጎደለብኝ ነገር አለ። ጣፋጩ የሚበዛብዎት ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣውን የሽቶ ሠሪው የአልቤርቶ ሞሪያስ ሥራ፣ «ጉቺ ብሉም»ን፣ ጎን ለጎን ቢያሸቱ መልካም ነው፤ እዚያ ቱቤሮዙ አረንጓዴና ንጹሕ ነው፣ ጣፋጭነቱም እጅግ ያነሰ ነው።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጣፋጩን ስለምወደው በመጀመሪያው ምርጫዬ መጽናቴ አይቀርም። ነገር ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል፤ ወረቀቱን ቤት ይዤ ስገባ መዓዛው ክፍሉን ሞልቶት ነበር፣ በእጄ ላይ የረጨሁት ግን ከአንድ ሰዓት በኋላ የጠፋ መሰለኝ። ቆዳዬ ሽቶ አይዝም ማለት ነውን?

ሦስተኛው ምላሽ

ምናልባት ሽቶው ሳይጠፋ አፍንጫዎ ለምዶት ይሆናል። አንድ መዓዛ ሳያቋርጥ ሲደርሰን አፍንጫችን እየቆየ አይሰማውም፤ አጠገባችን ያለ ሰው ግን በግልጽ ይሸተዋል። በዚህ ምክንያት «ጠፋ» ብለው ደግመው እንዳይረጩ አደራ እላለሁ፤ ነጭ አበባ በዝግ ክፍል ውስጥ ሰው የሚያውከው በአብዛኛው እንዲህ ተደጋግሞ ሲረጭ ነው። እኔ ለሥራ ቀን ከልብሴ ሥር ደረቴ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ እረጫለሁ፣ ያውም ከቤት ከመውጣቴ ግማሽ ሰዓት አስቀድሜ፣ የመጀመሪያው ኃይለኛ ሽታ ከሰዎች ጋር ከመገናኘቴ በፊት እንዲበርድ። ለምሽት ሁለት ወይም ሦስት ርጭት ይበቃል።

ቆዳዎ ደረቅ ከሆነ አስቀድመው ሽታ የሌለው ቅባት ይቀቡ፤ መዓዛው ቀስ ብሎ እንዲተን ይረዳል። ከመግዛትዎ በፊት ደግሞ ጠዋት አንድ ክንድዎ ላይ ረጭተው ይዋሉ፤ ከረጩት አራት ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ወደ ንጹሕ አየር ወጥተው ይመለሱና ያን ጊዜ ክንድዎን ያሽቱት፣ ቅርብ የሆነ ሰውም ይሸትተው እንደሆነ ይጠይቁ።