በበግ ስርቆት ታስሮ የወጣ ልጅ ለሰፈር ጥበቃ ይቀጠር?

የጠባሴ ልጅ፦ ጎበዝ፣ ደብረ ብርሃን ሰፈራችን የሌሊት ጥበቃ ሊቀጥር ነው። ካመለከቱት አንዱ በግ ሰርቆ ታስሮ የወጣ ልጅ ነው። ኮሚቴው ለሁለት ተከፍሏል። እኔ ይቀጠር ባይ ነኝ። ሻድ ማሩና የተባለ የወንጀል ጥናት ተመራማሪ ሊቨርፑል ውስጥ ወንጀል ያቆሙትንም ያላቆሙትንም ቁጭ ብሎ አነጋግሮ፣ ያገኘውን እ.ኤ.አ. በ2001 አሳትሟል። ያላቆሙት ሕይወታቸውን መውጫ እንደሌለው ነገር ነው የሚያዩት። ያቆሙት ግን ድሮም ልባቸው ደግ እንደነበር እየተረኩ ነው የተነሡት። እኛ በር ስንዘጋበት ምን ብሎ ይተርክ?

እማማ፦ ልጄ፣ የሰረቀው የኔን በግ ነው። ጠዋት ጉረኖው ጋ ስሄድ ገመዱ በቢላ ተቆርጦ ውርጭ ላይ ወድቋል። ሁለት እናት በግና አንድ ሙክት። ሙክቱን ለፋሲካ ልሸጠው ነበር። ሲያዝ ምን አለ መሰላችሁ? «እሳቸው ሌላ አላቸው።» እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

መምህሩ፦ እማማ፣ ያ ንግግር የተጠና ነው። ሳይክስና ማትዛ የተባሉ አሜሪካውያን የሶሺዮሎጂ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1957 ጥፋተኞች ሕሊናቸውን የሚያባብሉባቸውን አምስት መንገዶች ጽፈዋል። የከፋ ጉዳት አላደረስኩም ማለት አንዱ ነው። ማባበል ያስፈለገው ሕሊናው ስለወቀሰው ነው። እኔ እንደዚያ ነው የማየው።

ከሸዋ ሮቢት፦ ይሄ ማባበል እኛንም እንዳያታልለን! ቅጣቱ ቢከብድ ፈርቶ ይተው ነበር።

መምህሩ፦ ራይትና ዴከር የተባሉ የወንጀል ጥናት ተመራማሪዎች አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ውስጥ 105 ቤት ሰርሳሪዎችን አነጋግረዋል፤ ገና እየሰረቁ ሳሉ። አብዛኞቹን የሚገፋቸው አሁኑኑ የሚያስፈልጋቸው ገንዘብ ነው። እያዛለሁ የሚለውን ሐሳብ ሆን ብለው ከጭንቅላታቸው ያወጡታል። ሰው ያለበትን ቤት ግን ይሸሻሉ። ስለዚህ የሚጠብቀን የቅጣቱ ዓመት ብዛት ሳይሆን ነቅቶ የሚያድር ሰው ነው።

ከሸዋ ሮቢት፦ ሴንት ሉዊስ ሌላ፣ እኛ ሌላ። እዚህ ሌባውና ባለበጓ አንድ እድር ውስጥ ናቸው። እያወቃት ነው የሰረቃት። እኔን የሚከብደኝ እሱ ነው።

የጠባሴ ልጅ፦ እውነት ነው፣ ይከብዳል። ለማንኛውም ሥራው ዋስ ይጠይቃል። ልጁ ደግሞ ዋስ የሚሆነው አጥቷል። የገዛ አጎቱ እንኳ እምቢ ብሎታል።

እማማ፦ መጀመሪያ ቤቴ ይምጣ። ጉረኖው አጠገብ ቆሞ፣ ሌላ አላቸው ያለውን ፊቴ ላይ ይድገመው። መድገም ካቃተው ዋስ እሆነዋለሁ።