እጀታው ገጠመ፣ የቁልፍ ቀዳዳው ግን አልገናኝ አለ

የመኝታ ቤቴ የእንጨት በር እጀታ ስለተሰበረ ከመርካቶ አዲስ ገዛሁ። አሮጌውን በካቻቢቴ ፈታሁት፤ ባለ 8 ሚሊሜትሩ አራት ማዕዘን ዘንግ በአዲሱ እጀታ ውስጥ ልክክ ብሎ ገባ። ደስታዬ አልቆየም። በሩ ውስጥ በተቀበረው ሰረገላ ቁልፍ ላይ፣ ከዘንጉ መሃል እስከ ቁልፍ ማስገቢያው መሃል 72 ሚሊሜትር ነው፤ በአዲሱ እጀታ ላይ ግን 85። ቁልፉን ሳስገባ ከብረት ጋር ይጋጫል። ቀዳዳውን በሞረድ ላሰፋ ሞከርሁ፤ ሁለት ሚሊሜትር እንኳ ሳልገፋ ወርቃማው ቅብ ተላጠ። ሻጩም አልመልስም ብሏል። እስከዚያው በሩን የምንከፍተው በፒንሳ ነው። ሰረገላውን አውጥቼ ባለ 85 ብተካ በዚያው ጉድጓድ ይገባል ወይስ እንጨቱን እንደገና መፈልፈል ይኖርብኛል?