«ክሮክ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የጎረነነ ድምፅንም ሞትንም የሚገልጸው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። አሜሪካ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ እሠራለሁ። ባለፈው ሳምንት ጉንፋን ይዞኝ ድምፄ ሲጎረንን አንዲት ባልደረባዬ «ዩ አር ክሮኪንግ» አለችኝ፤ ቃሉን በመዝገበ ቃላት ስፈልገው ግን «መሞት» የሚል ፍቺም ስላገኘሁበት ደነገጥሁ። ሁለቱ ፍቺዎች በምን ተገናኙ? ከሟች ቤተሰብ ጋር ስነጋገርስ ልጠቀምበት እችላለሁ?

መልስ 1፦
ባልደረባዎ ክፉ አላሰቡም። «ክሮክ» በመጀመሪያ የእንቁራሪትና የቁራ ጩኸት ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ ጉሮሮው የሻከረ ሰው አነጋገር መጠሪያ ሆነ። የሞት ፍቺው የወጣው ከተራው ሕዝብ፣ ይልቁንም ከወንጀለኞች አነጋገር ሲሆን፣ በግዞት አውስትራሊያ የነበረው እንግሊዛዊው ጄምስ ሃርዲ ቮክስ በ1812 እ.ኤ.አ. ባሰናዳው የሌቦች ቋንቋ መዝገብ ውስጥ ይገኛል። ሁለቱን ፍቺዎች የሚያገናኛቸው በጣር ላይ ያለ ሰው ጉሮሮ የሚያሰማው ሻካራ ድምፅ ነው፤ እኛም «ሲጥ ሲጥ ይላል» ስንል የምናስበው ያንኑ የመጨረሻ ትንፋሽ አይደለምን?

መልስ 2፦
ከቤተሰብ ፊት ግን ፈጽሞ እንዳይጠቀሙበት አደራ እላለሁ። ለቅሶ ቤት ገብቶ «አባታችሁ ክልትው አሉ» እንደማለት ነው። እንግሊዛዊው የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ፍራንሲስ ግሮስ በ1785 እ.ኤ.አ. የመዘገበው «ኪክ ዘ በኬት» የሚለው ፈሊጥም ከዚሁ ወገን ነው፤ ቃል በቃል «ባልዲውን ረገጠ» ማለት ቢሆንም ትርጉሙ «ሞተ» ነው። ለእኛ «አረፉ» የሚቀርበው «ፓስድ አዌይ» ነው፤ ግልጹ «ዳይድ» ደግሞ ነውር የለበትም። «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» በሚባልበት ቦታ «አይ አም ሶሪ ፎር ዩር ሎስ» ይበሉ።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እንግዲያው ስለ ራሴ ድምፅ ምን ልበል? በጽሑፍ ውስጥስ ሁለቱን እንዴት ልለያቸው?

መልስ 1፦
ድምፅዎ ለቀናት ከጎረነነ «ሆርስ» ይበሉ፤ አነባበቡ ከፈረስ መጠሪያ ጋር አንድ ቢሆንም ሰሚው ከዐውዱ ይረዳዋል። አክታ ለጊዜው ጉሮሮዎን ሲይዘው ደግሞ «አይ ሃቭ ኤ ፍሮግ ኢን ማይ ስሮት» ይባላል፤ ቃል በቃል «ጉሮሮዬ ውስጥ እንቁራሪት አለች» ማለት ነው፤ እንቁራሪቷ እዚህም አልጠፋችም። በጽሑፍ «ክሮክድ» የሚለው ቃል ሰውየው የተናገረውን ንግግር ተከትሎ ከመጣ «በጎረነነ ድምፅ ተናገረ» ማለት ነው፤ ንግግር ሳይኖር ስለ ሰው ብቻውን ከተነገረ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሞቷል ማለት ነው።