ቀጋ ነው ወይስ እንጆሪ?

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ግቢዬን በቀጋ ማጠር እፈልጋለሁ። ነጭ አበባውን፣ ሽታውን፣ ፍሬውን ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። ጥር ላይ የበሰለ ቀይ ፍሬ ለቀምኩ። ዘሩን አጥቤ፣ ከቁጥቋጦው ሥር ባመጣሁት አፈር ዘራሁት። 5 ወር ሙሉ ምንም የለም። 10 ቁራጭ ቅርንጫፍም ተክዬ ነበር፤ ሁሉም ደረቁ።

ክረምቱ ሲገባ ግን 2 ችግኞች ብቅ አሉ። አሁን ስንዝር ያህል ሆነዋል። ሁለቱም እሾህ አላቸው፣ የቅጠላቸው ጠርዝ እንደ መጋዝ ነው። አንደኛው በአንድ ዘንግ ላይ 3 ቅጠል፣ ሌላው 5 ያወጣል። ችግሩ፣ አፈሩን ባመጣሁበት ቦታ እሾሃሙ የዱር እንጆሪም ነበር። ተሳስቼ ቀጋዬን መንቀል አልፈልግም። አበባ እስኪያወጡ ሳልጠብቅ የቀጋን ችግኝ ከእንጆሪ በምን ልለየው?