ባህር ዳር ላይ የአሜሪካ ባርቤኪው በላን፣ ግን ነገሩ እንዲህ ነው እንዴ?

ጣና ዳር፦
እናንተዬ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሐሙስ ለት ከታናሽ ወንድሜ ጋር እዚህ ባህር ዳር አዲስ የተከፈተ ቤት ገባን፣ ስሙን አልጠራም ገና ጀማሪዎች ናቸው። ሜኑው ላይ "የአሜሪካ ደቡብ ባርቤኪው፣ 12 ሰዓት በጭስ የበሰለ ፍሪምባ" ይላል። ወንድሜ ይሄን ነገር በዩቲዩብ ሲያይ ነው የከረመው፣ ያ በጣት ሲነኩት የሚንቀጠቀጥ፣ ቢላ ሲያርፍበት ጭማቂው የሚወርድ ሥጋ አለ አይደል፣ እሱን አስቦ ቁርስ እንኳ ሳይቀምስ ነው የመጣው። የቀረበልን ግን ስስ ስስ ተደርጎ የተቆረጠ ግራጫ ሥጋ፣ ዳርዳሩ ድርቅ ያለ፣ ላዩ ላይ ቀይ ሶስ የተደፋበት፣ ሶሱ ደግሞ ካቻፕ ላይ ስኳር የጨመሩበት ነው የሚመስለው። ሥጋው ሲታኘክ ቋንጣ ነው፣ ቋንጣስ በርበሬ አለው! ጭስ ጭስ የሚለው ሶሱ ነው፣ ሥጋውን ጠርገህ ስትበላው ምንም የጭስ ሽታ የለውም። በጎን የበቆሎ ዳቦና ጎመን ነበር፣ እውነት ለመናገር ጎመኑን ተሻምተን በላነው። አስተናጋጇን "እህቴ ይሄ እንዲህ ነው የሚበላው?" ብላት "አዎ የአሜሪካ አሠራር ነው" አለችኝ፣ ምን ልበላት። በከፈልነው ብር ሥጋ ቤት ገብተን ጥብሱንም ቁርጡንም ከነአዋዜው ጠግበን እንወጣ ነበር። አሁን ወንድሜ ሌላ ቀን እንሞክረው እያለ ያደርቀኛል። እና አሜሪካ ያላችሁም ሥጋ የምታውቁም ንገሩኝ፣ ነገሩ ራሱ እንዲህ ነው ወይስ እኛ ጋ ሲደርስ ነው የተበላሸው?

የዳንግላው፦
ጎጃም ቁጭ ብሎ ሥጋ 12 ሰዓት የሚጠብቅ ሰው አለ ማለት ነው? 😂 በ12 ሰዓት እኮ እኛ በሬውን አርደን፣ ተቃርጠን፣ ዱለቱን በልተን ቆዳውን ሸጠናል።

ቴክሳስ ያለሁት፦
ወንድሜ እኔ የቡሬ ልጅ ነኝ፣ አሁን ቴክሳስ ነው የምኖረው፣ እና የበላችሁት ባርቤኪው አይደለም፣ ቁርጡን ልንገርህ። እዚህ ሎክሃርት የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፣ ሰው ለሥጋ ብሎ ከሩቅ እየነዳ ነው የሚሄደው፣ እዚያ ፍሪምባው ላይ የሚደረገው ጨውና ቁንዶ በርበሬ ነው በቃ። ሶስ ከተፈለገም በጎን ነው የሚመጣው፣ ላዩ ላይ ከደፉበት ሰው ምን ሊደብቁ ነው ብሎ ይጠረጥራል። ያ ቲማቲምና ሞላሰስ ያለበት ጣፋጩ ሶስ የካንሳስ ሲቲ ነው። ሰሜን ካሮላይና ምሥራቁን ከሄድክ ኮምጣጤና በርበሬ ነው፣ ሥጋው ግን አሳማ ስለሆነ ለኛ አይሆንም። አላባማ ደግሞ ማዮኔዝ ያለበት ነጭ ሶስ አላቸው (እኔ አልወደውም)። ስለዚህ የአሜሪካ አሠራር ነው ስትልህ የየትኛው አገር ቤት ነበር መባል የነበረባት።

አሠራሩ ላይ፣ ፍሪምባ በሬው ክብደቱን የሚሸከምበት ቦታ ስለሆነ ጅማት ብቻ ነው፣ ጅማቱ ቀልጦ እንዲለሰልስ ከ110 እስከ 120 ዲግሪ በሆነ ሙቀት ከእሳቱ ራቅ ብሎ ሌሊቱን ያድራል። መሀል ላይ ሥጋው 70 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ አልነቃነቅ ብሎ ለሰዓታት ቀጥ ይላል፣ ምክንያቱም ከላዩ የሚተነው ውሃ ያቀዘቅዘዋል፣ ትዕግሥት የሌለው ሰው እዚህ ጋ እሳት ይጨምርና ያደርቀዋል። ሶሱ ብቻ ጭስ ጭስ ካለ ግን እሱ የጠርሙስ ጭስ ነው፣ የእንጨት ጭስ አቀዝቅዘው ፈሳሽ አድርገው ይሸጡታል፣ ሁለት ጠብታ ሲበዛበት ይመራል። ጎመኑ ጥሩ መሆኑ አልገረመኝም፣ ደቡቦቹም ጎመን ይወዳሉ፣ እነሱ በታጠነ የአሳማ አጥንት ነው የሚሠሩት እንጂ።

ሼፍ ከማርቆስ፦
ከላይ ያለው ወንድማችን የተናገረው ልክ ነው ግን ዩቲዩብ አይቶ እዚህ ለሚሠራ ሰው ሌላም ጣጣ አለው። አንደኛ በሬው። የነሱ በሬ በልጅነቱ እህል እየበላ ደልቦ ነው የሚታረደው፣ ሥጋው ውስጥ ለውስጥ ስብ አለው። የኛ በሬ ስንት ዘመን አርሶ አርሶ ነው ሥጋ ቤት የሚደርሰው፣ ፍሪምባው ስስ ነው፣ ስቡ ላይ ላዩን ነው፣ ጅማቱም ጠንክሯል። እሱን ለ12 ሰዓት ብታስቀምጠው ምኑ ይተርፋል? ግማሽ መንገድ ሲደርስ በወረቀት ጠቅልለህ በራሱ ጭማቂ ካልጨረስከው በቀር።

ሁለተኛ ይሄን ማንም አያስበውም፣ ከፍታ። ዩቲዩብ ላይ ውስጡ 95 ዲግሪ እስኪሆን ይላሉ። ባህር ዳር 1800 ሜትር ላይ ናት፣ ውሃ የሚፈላው 94 ላይ ነው፣ እኛ ማርቆስ እንደውም 92 አካባቢ። እና ልጁ ቴርሞሜትር ሰክቶ 95 ካልሞላ አላወጣም ብሎ ከጠበቀ ያለው ውሃ ሁሉ ተንኖ አልቆ ነው የሚሞላለት። እዚህ አገር ቁጥር አይታይም፣ ሹካ ሰክተህ ያለ ትግል ከገባ አውጣው።

ሦስተኛ ሐሙስ ነው የበላችሁት። ለሐሙስ ምሳ እንዲደርስ እሳቱ ረቡዕ ማታ መንደድ አለበት፣ በጾም ቀን ሌሊቱን ሙሉ ሥጋ ሲጠብቅ የሚያድር ልጅ ከየት ይመጣል? የማክሰኞ ትራፊ ነው፣ ፍሪጅ አድሮ በማይክሮዌቭ የሞቀ። ግራጫ ሆነ ያልከው ለዚህ ይመስለኛል። መሄዳችሁ ካልቀረ እሁድ ምሳ ሰዓት ሂዱ።

የአዊ እህት፦
እኔ እንጨቱን ጠይቁ ነው የምለው። አገሩን የሞላው ባህር ዛፍ ነው፣ እሱ ዘይት አለው፣ ሥጋ ስታጥንበት መድኃኒት መድኃኒት ይላል፣ እርጥብ ከሆነማ ወፍራም ነጭ ጭስ አውጥቶ ያመርረዋል። እኛ ጋ ፋግታ ለኮማ በኩል ሰዉ ግራር ተክሎ ከሰል እያከሰለ ነው የሚኖረው፣ የደረቀ ግራር ከሰል ላይ ትንሽ ወይራ ጣል ቢያደርጉበት ማን ያማቸዋል። የወተት ዕቃውንም የጠላ ጋኑንም በወይራ ስናጥን ኖረን ሥጋ ላይ ሲሆን የጠርሙስ ጭስ መግዛት ምን የሚሉት ነው?

የዳንግላው፦
እቴቴ ይሄን ለባለቤቱ ሄደሽ ብትነግሪው በነፃ ያበላሽ ነበር

ቴክሳስ ያለሁት፦
@ሼፍ ከማርቆስ የከፍታው ነገር እዚህ ሜዳ ላይ ስለምንኖር ጭራሽ አልመጣልኝም ነበር። ግን በሬው ላይ አልስማማም፣ ፍሪምባው ከሳሳ ተዉትና የጎድን አጥንት ሥሩበት፣ አጥንቱ ዳር ስብ አለ፣ ሰዓቱም ያጥራል። ሜኑ ላይ ፍሪምባ ካልተጻፈ አሜሪካ አይመስልም ያለው ማን ነው።

ሼፍ ከማርቆስ፦
ጎድኑን እኮ ጥሬ ሥጋ በላተኛው ይሻማዋል ወዳጄ፣ ለሬስቶራንት የሚተርፈው ፍሪምባው ነው።

ጣና ዳር፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወንድሜ ይሄን ሁሉ አንብቦ በል እሁድ እንሂድ አለኝ፣ እኔም ከመሄዳችን በፊት ብዬ ደወልኩላቸው። "ፍሪምባውን በምን እንጨት ነው የምታበስሉት፣ ግራር ነው ባህር ዛፍ?" አልኩት። ሰውዬው ትንሽ ዝም አለና "በጋዝ ነው ወንድሜ፣ ኦቨን አለን" አለኝ። 12 ሰዓቱስ ስለው "ከማታው 12 ሰዓት ጀምሮ አለ ማለት ነው"።

የዳንግላው፦
😂😂😂 የእራት ሰዓቱን ነው የጻፉት በለኛ

ጣና ዳር፦
ወንድሜ አሁንም ጎመኑን እንብላና እንምጣ እያለ ነው።