ፕሮሰሰር መምረጥ ላይ ተቸከልኩ፤ እስኪ አንድ በሉኝ

ሰላም ወገኖች። የመጀመሪያ ኮምፒውተሬን በራሴ እጅ ልገጣጥም ተነስቼ መሃል ላይ ቀርቻለሁ። በጀቴ ጠባብ ነው። ቀን ቀላል ቪዲዮ አቀናብርበታለሁ፣ ማታ ጌም።

እስካሁን የገዛሁት ራም ብቻ ነው፤ ዲዲአር4፣ ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት። ኤኤም5 (አዲሱ የኤኤምዲ ፕሮሰሰር መሰኪያ) ማዘርቦርድ ከዲዲአር5 ሌላ እንደማይቀበል ያወቅኩት ከገዛሁ በኋላ ነው። እሺ፣ የቀድሞው ኤኤም4 ይሁን።

ጭንቀቴ ፕሮሰሰሩ ነው። ራይዘን 5 5600ጂ ግራፊክሱ (ምስል ወደ ስክሪን የሚያወጣው ክፍል) አብሮት ስላለ ግራፊክስ ካርድ ሳልገዛ ያስጀምረኛል። ጂ የሌለው 5600 ግን ጠንከር ይላል፤ ኤል3 ካሹ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ፈጣን ሜሞሪ) 32 ሜጋባይት ነው፣ የ5600ጂ 16። ችግሩ፣ ካርድ ከሌለ ስክሪኑ ጭልም እንዳለ ይቀራል። ያገለገለ ካርድ ልግዛ? ክሪፕቶ ሲያመርት የከረመ ቢሆንስ?

ሌላው፣ ያየሁት ርካሽ የኤኤም4 ማዘርቦርድ፣ ቢ450፣ ባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የቦርዱ ሶፍትዌር) አሮጌ ከሆነ ሁለቱንም ፕሮሰሰሮች አያውቃቸውም። ለማደስ ደግሞ የሚያውቀው ፕሮሰሰር ይፈልጋል። ዶሮዋ ወይስ እንቁላሉ! ያለ ፕሮሰሰር፣ በፍላሽ ብቻ ባዮሱ የሚታደስ ቦርድ ብጠብቅ ይሻላል?

አንድ ዘመዴ ደግሞ ኬዝ ከነፓወር ሰፕላዩ ሰጥቶኛል። ጎኑ ላይ 500 ዋት ይላል፤ ሲያነሱት ግን እንደ ባዶ ቆርቆሮ ይቀላል። ልመነው ወይስ ልጣለው?