በምንኖርበት ከተማ ያወጣነው ገንዘብ ወዴት ይሄዳል?

ውድ ወገኖች፣

በአካባቢው ነዋሪዎች ባለቤትነት የተያዙ አነስተኛ ድርጅቶችን መደገፍ ምን ይጠቅመናል የሚለው ጥያቄ በተነሳ ቁጥር፣ ውይይታችን ወደ መተዛዘን ያዘነብላል። ባለ ሱቁ ደክሞ የከፈተው ነው፣ እንርዳው ይባላል። ስሜቱ የሚነቀፍ አይደለም፤ ይሁን እንጂ በሰው አገር ሥራ፣ ቤትና ብድር ከምንም ተነስተን ለምንፈልግ ሰዎች ጉዳዩ ከርኅራኄ ይልቅ የራሳችን ጥቅም ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዋናው ነገር የከፈልነው ገንዘብ ከባለ ሱቁ እጅ ከገባ በኋላ የሚሄድበት መንገድ ነው። ባለቤቱ እዚያው ከተማ የሚኖር ድርጅት ትርፉን በአብዛኛው የሚያወጣው እዚያው ነው፤ ሒሳቡን የሚሠራለት፣ ማስታወቂያውን የሚያትምለት፣ ቧንቧው ሲበላሽ የሚጠግንለትና ውሉን የሚያዘጋጅለት ሰውም ብዙውን ጊዜ ከቅርብ የሚገኝ ነው። በየከተማው ቅርንጫፍ ያለው ታላቅ ኩባንያ ግን እነዚህን ሥራዎች ጠቅልሎ በዋና መሥሪያ ቤቱ ያሠራል፣ ትርፉንም በየአገሩ ለተበተኑ ባለአክሲዮኖች ያከፋፍላል፤ ቅርንጫፉ ላለበት ከተማ የሚተርፈው በዋናነት የሠራተኞቹ ደመወዝ፣ ኪራይና የተወሰነ ግብር ነው። የአንዱ ወጪ የሌላው ገቢ እንደሚሆን፣ ከዚያም ላይ የተወሰነው እንደገና ወጪ ሆኖ ሦስተኛ ሰው ዘንድ እንደሚደርስ የኢኮኖሚ ባለሙያው ሪቻርድ ካን እ.ኤ.አ. በ1931 በስሌት አሳይቷል፤ ሌላው የእንግሊዝ የኢኮኖሚ ባለሙያ ጆን ሜይናርድ ኬንስም በ1936 ባሳተመው ታላቅ ሥራው ውስጥ ይህንኑ ሐሳብ አስፋፍቶታል። ስሌቱ ለአገርም ሆነ ለአንድ ሰፈር የሚሠራ ሲሆን፣ በየዙሩ ከአካባቢው የሚወጣው ገንዘብ ባነሰ መጠን የመጀመሪያው ወጪ የሚፈጥረው ገቢ ይበዛል።

ልዩነቱን በቁጥር ለማሳየት የሞከሩ ጥናቶች አሉ። ሲቪክ ኢኮኖሚክስ የተባለ የጥናት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 በቺካጎ አንደርሰንቪል በተባለ ሰፈር የሚገኙ አሥር የአካባቢ ድርጅቶችን ብዙ ቅርንጫፍ ካላቸው አሥር ኩባንያዎች ጋር አነጻጽሮ ነበር። ሸማቾች በአካባቢ ድርጅት ከሚከፍሉት እያንዳንዱ 100 ዶላር ውስጥ 68ቱ በከተማው ኢኮኖሚ ውስጥ ሲቀር፣ በሌሎቹ ዘንድ የሚቀረው 43 ዶላር ሆኖ ተገኝቷል። ይኸው ድርጅት በ2002 በኦስቲን፣ ቴክሳስ መጻሕፍትና ሙዚቃ በሚሸጡ መደብሮች ላይ ባደረገው ጥናት ከ100 ዶላር ውስጥ በከተማው የሚቀረው በአካባቢ መደብር 45፣ በታላቁ ኩባንያ መደብር ግን 13 ዶላር ነበር። የሁለቱ ጥናቶች ውጤት እንኳ ይህን ያህል ከተራራቀ፣ ቁጥሮቹን እንዳሉ አንስቶ በሌላ ከተማና በሌላ የንግድ ዘርፍ ላይ መለጠፍ ትክክል አይሆንም። የልዩነቱ አቅጣጫ ግን በሁለቱም አንድ ነው፤ ምክንያቱም ከላይ የተዘረዘረው የወጪ አካሄድ ራሱ ነው።

ለአዲስ መጪ የሚበልጠው ጥቅም ግን በእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ አይታይም። ትልቁ ኩባንያ ብዙውን ጊዜ የሥራ ማመልከቻን በኮምፒውተር ያጣራል፤ በአገሩ ያልተሠራ የሥራ ልምድ፣ የማይታወቅ ትምህርት ቤት፣ በመሐል የተቋረጡ ዓመታት ማመልከቻውን ሰው ሳያየው ሊያስጥሉት ይችላሉ። በራሱ ገንዘብ የሚሠራ ባለቤት ግን ሰውን ፊት ለፊት አነጋግሮ፣ ለሳምንት አሠርቶና አይቶ ለመቅጠር ሥልጣን አለው። ከዚያ የሚገኘው የምስክርነት ደብዳቤ ቀጣዩን በር ይከፍታል። ሙያውም እንዲሁ ነው፤ በትንሽ ድርጅት ውስጥ የተቀጠረ ሰው ዕቃ መግዛትን፣ ደንበኛ መያዝንና ግብር ማሳወቅን በአንድ ቤት ውስጥ ያያል፣ ነገ የራሱን ለመክፈት የሚያስፈልገውም ይኸው ዕውቀት ነው። የብድር ታሪክ የሌለው ሰው ተበዳሪን በቀድሞ የብድር አከፋፈሉ በሚመዝነው የታላቁ ባንክ የነጥብ መለኪያ ሲወድቅ፣ አባላቱ ራሳቸው ባለቤት የሆኑበት የብድርና ቁጠባ ኅብረት ሰውየውንና ሥራውን አይቶ ሊያበድረው የሚችልበት ዕድል የተሻለ ነው። እኔ የአካባቢ ንግድን የምደግፍበት ትልቁ ምክንያት ይህ ሁሉ በር በእነዚህ ድርጅቶች በኩል የሚከፈት መሆኑ ነው።

ይህ ማለት ግን በቅርብ ያለ ሁሉ ይጠቅማል ማለት አይደለም። የታላቅ ኩባንያን ስም ተከራይቶ የሚሠራ ድርጅት ባለቤቱ የሰፈር ሰው ቢሆንም እንኳ ከሽያጩ የተወሰነውን በየጊዜው ወደ ኩባንያው ይልካል። ዕቃውን ሁሉ ከሩቅ የሚያስመጣ ሱቅም ለአካባቢው የሚያስቀረው ትርፉን፣ ደመወዙንና ኪራዩን ብቻ ነው። ከሁሉ የከፋው አዲስ መጪን ከሕጋዊ ደመወዝ በታች፣ ያለ ሰነድ የሚያሠራ ነው፤ ይህን የሚያደርገው የገዛ ወገናችን ቢሆንም ድጋፍ አይገባውም፣ ምክንያቱም የሠራተኛውን ጡረታና የሥራ ታሪክ ነጥቆ ነው ዋጋውን ያረከሰው።

ስለ ዋጋ የሚነሳው ተቃውሞ እውነት አለው። ታላላቅ መደብሮች በብዛት ስለሚገዙ ርካሽ ይሸጣሉ፤ ገቢው ከወር ወር የማያደርስ ቤተሰብ ከእነርሱ ቢገዛ የሚወቅሰው ሊኖር አይገባም። ስለዚህ የምመክረው ከአገልግሎት እንድንጀምር ነው። የግብር ማሳወቂያ የሚሞላ ባለሙያ፣ መኪና የሚጠግን፣ ጽሑፍ የሚያትም፣ ቤት የሚያድስ፣ ፀጉር የሚሠራ ሰው ከሚከፈለው ውስጥ አብዛኛው የጉልበትና የዕውቀት ዋጋ ስለሆነ እዚያው ይቀራል፣ በብዛት በመግዛት የሚገኘው የዋጋ ብልጫም በእነዚህ ሥራዎች ላይ ያን ያህል አይሠራም። በፋብሪካ የተመረተ ዕቃ በመጨረሻ ሊታሰብበት ይችላል።

ከአንድ ቤተሰብ ይልቅ ደግሞ ማኅበሮቻችንና የእምነት ተቋሞቻችን የሚያወጡት ገንዘብ ይበልጣል፤ የአዳራሽ ኪራይ፣ የኅትመት፣ የመድንና የመጓጓዣ ውል በየዓመቱ ይፈርማሉ። በብሪታንያ የሚገኘው ኒው ኢኮኖሚክስ ፋውንዴሽን ያዘጋጀው ኤል ኤም 3 የተባለ ቀላል መለኪያ አንድ ተቋም ያወጣው ገንዘብ በሦስት ዙር ውስጥ ምን ያህሉ በአካባቢው እንደቀረ ለመቁጠር ያስችላል፤ የሥራ አመራር ኮሚቴዎቻችን የዓመቱን ወጪ ይዘው የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ዙር ብቻ እንኳ ቢያሰሉ፣ የትኛው ውል ወደ ቅርብ ድርጅት ሊዛወር እንደሚችል በግልጽ ያያሉ።

ውሉ ከተዛወረ በኋላ ክፍያው በወቅቱ መፈጸም አለበት። ትንሽ ድርጅት ትርፋማ ሆኖም በእጁ የሚያንቀሳቅሰው ገንዘብ ሲያጥረው ሊዘጋ ይችላል፤ ለታላቁ ኩባንያ ሁለት ወር የዘገየ ክፍያ የሒሳብ ሠራተኛ ጉዳይ ሲሆን፣ ለባለ ሁለት ሠራተኛ ድርጅት ግን የወሩ ደመወዝ ነው። በዝምድናና በአገር ልጅነት ቅናሽ ወይም ዱቤ የምንጠይቅ ከሆነም ይኸው ጫና ይደርስበታል። ማኅበራት የክፍያ ቀኑን በውሉ ላይ ቢጽፉ፣ ከተቻለም ለዕቃ መግዣ የሚሆን ቅድሚያ ክፍያ ቢሰጡ፣ ባለቤቱ በውድ ወለድ ሳይበደር ሥራውን መጀመር ይችላል።